የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቀላል የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለሰሜን ሸዋ ዳገትና ቁልቁለት

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ የደብረ ብርሃን ከተማ ነዋሪ ነኝ። ጀርመን አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሲነዳው የነበረውን የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት ከሌሎች ዕቃዎች ጋር በመርከብ ልኮልኛል። ስፔሻላይዝድ ቱርቦ ሌቮ ኤስ ኤል የሚባለው ነው፤ የመጀመሪያው ትውልድ ሲሆን ሞተሩ 35 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል አለው፣ ባትሪው 320 ዋት ሰዓት ጉልበት ይይዛል። ቅዳሜና እሑድ ወደ አንኮበር፣ አንዳንድ ጊዜም በጣርማበር አድርጌ ወደ ሸዋ ሮቢት እነዳዋለሁ። እኔ 71 ኪሎ እመዝናለሁ። ብስክሌቱን በእህል መጋዘን ሚዛን ሳስመዝነው 19 ኪሎ ሆነ፤ ወንድሜ ግን ከ18 እንደማይበልጥ ነግሮኝ ነበር። አሁን ወደ አገር ቤት ሲመጣ የካርቦን ቸርኬ፣ ቀለል ያለ ጎማና ቀለል ያለ ካሴት (ካቴናው የሚዞርበት የኋላ ጥርሶች ስብስብ) ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል፤ ተጨማሪ ባትሪም ከተቻለ። ዓላማዬ አንድ ተኩል ኪሎ ቀንሼ ባትሪው ራቅ ያለ መንገድ እንዲያደርሰኝ ማድረግ ነው። አሳቤ ትክክል ነው? ከየትኛውስ ልጀምር?

— አንባቢ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አንድ ተኩል ኪሎ ቢቀንሱ ባትሪው የሚያደርስዎ ርቀት እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያሳይም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወንድምዎ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሒሳቡን አብረን እንድንሠራ ስለምፈልግ ነው።

እርስዎ 71 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 19 ኪሎ፣ ውኃው፣ መፍቻው፣ የዝናብ ልብሱና ስንቁ ደግሞ 5 ኪሎ ናቸው ብንል ሞተሩና እግርዎ ተባብረው ወደ ላይ የሚያነሡት ክብደት 95 ኪሎ ነው። ይህን ክብደት 1000 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ የመንገዱን ሰበቃ ሳንቆጥር፣ 259 ዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ያስፈልጋል። ከዚህ ላይ አንድ ተኩል ኪሎ ሲቀነስ የሚተርፈው 4 ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ እርሱም የሚካፈለው በእርስዎና በሞተሩ መካከል ነው። ከቤት ሲወጡ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ትተው ቢሄዱ የሚያገኙት ትርፍ ከካርቦኑ ዕቃ ሁሉ ትርፍ ጋር እኩል ነው ማለት ነው።

ታዲያ የባትሪው ርቀት በምን ይወሰናል ቢሉ፣ ከሁሉ በላይ በእርስዎ እግር ነው። የዚህ ብስክሌት ሞተር ከፍተኛ ጉልበቱ 240 ዋት ሲሆን አምራቹ ራሱ የሚለው የነጂውን ጉልበት እጥፍ እንደሚያደርግ እንጂ እንደ ከባዶቹ ብስክሌቶች አራት እጥፍ እንደሚያደርግ አይደለም። ባትሪው የያዘው 320 ዋት ሰዓት በሞተሩና በገመዱ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ሲቀነስለት ወደ ጎማው የሚደርሰው 250 ገደማ ነው። ከዳገቱ ሥራ ግማሹን እርስዎ፣ ግማሹን ሞተሩ ከሠራ፣ በጠጠር መንገድ ላይ ያለውን ሰበቃ ጨምረን፣ አንድ ሙሉ ባትሪ 1600 ሜትር ገደማ የሚደርስ ዳገት ያስወጣዎታል፤ ለመጠባበቂያ ትንሽ እናስቀር ካልን 1400 ሜትር ብለው ቢያቅዱ ይሻላል። እገዛውን ከፍ አድርገው ሞተሩ ሁለት ሦስተኛውን እንዲሠራ ካደረጉ ግን ይህ ቁጥር ወደ 1200 ይወርዳል። ይህ ልዩነት የእገዛ ቁልፉን በሚጫነው አውራ ጣትዎ የሚወሰን ነው፤ አንዳች ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም።

በአንኮበር መንገድ ላይ ይህ ቁጥር ይበቃዎታል፤ ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው በደጋው ሜዳ ላይ ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄድ ነው። ብስክሌቱ ለአውሮፓ የተሠራ ከሆነ ሞተሩ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እገዛውን ስለሚያቆም፣ በሜዳው ላይ ከዚያ በላይ ሲፈጥኑ ባትሪው አይነካም። የብስክሌቱ ቅለት ዋጋው የሚታወቀውም እዚህ ላይ ነው፤ 24 ኪሎ የሚመዝነውን ያለ ሞተር መግፋት ቅጣት ሲሆን የእርስዎን ግን እንደ ተራ ብስክሌት መንዳት ይቻላል። የሸዋ ሮቢቱ ጉዞ ግን ሌላ ነው። ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ መመለሻው ያለ ማቋረጥ ከ1700 ሜትር በላይ ዳገት ነው። በሙሉ ባትሪ እንኳ ቢነሡ በዚያው ስሌት አይወጡትም። ሲወርዱ ይሞላል ብለው ተስፋ አያድርጉ፤ ሞተራቸው በፔዳሉ መካከል የሆነ ብስክሌቶች፣ የእርስዎም ጭምር፣ በቁልቁለት ባትሪ አይሞሉም። ስለዚህ ወይ ሸዋ ሮቢት ላይ ቻርጀርዎን ሰክተው ምሳ እየበሉ ይቆያሉ፣ ወይ በመኪና ይመለሳሉ፣ ወይ ተጨማሪ ባትሪ ይይዛሉ።

ተጨማሪ ባትሪው ከዝርዝርዎ ውስጥ በእውነት ርቀት የሚጨምርልዎ ብቸኛው ዕቃ ነው። በውኃ መያዣው ቦታ የሚቀመጠው የዚህ ብስክሌት ተጨማሪ ባትሪ 160 ዋት ሰዓት ሲሆን አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ማለትም አንድ ኪሎ ጨምረው የባትሪውን አቅም በግማሽ ያሳድጉታል። አንድ ኪሎ ቀንሰው ከሚያተርፉት 3 ዋት ሰዓት ጋር ያስተያዩት። ወንድምዎ ግን ከመግዛቱ በፊት አየር መንገዱን ይጠይቅ። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ100 እስከ 160 ዋት ሰዓት ያለው ትርፍ የሊቲየም ባትሪ የሚፈቀደው በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ያውም በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ከ160 የሚበልጥ ፈጽሞ አይፈቀድም። ይህ ባትሪ ልክ በድንበሩ ላይ ስለሚገኝ ፈቃዱን በጽሑፍ ይዞ ቢመጣ ነው የምመክረው። ዋናው 320 ዋት ሰዓት ባትሪ ግን በምንም መንገድ በሻንጣ አይገባም።

አሁን ወደ 19 ኪሎው እንምጣ። ወንድምዎ የነገረዎት ሐሰት አይደለም፣ ሚዛኑም የግድ አልተሳሳተም። አምራቾች የሚያወጡት ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፔዳል የተመዘነ ነው፤ ፔዳል ብቻ ወደ 400 ግራም ይደርሳል። ሁለት ባለ 29 ካላማዳሪያ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። የውኃ መያዣ፣ መብራት፣ ከኮርቻው ሥር የታሰረ መፍቻ ሲጨመር አንዱ ኪሎ የት እንደ ገባ ይታወቃል። ከዚህም ሌላ በክረምት ከጫጫ ሜዳም ሆነ ከባሶና ወራና ገጠር ተነድቶ የመጣ ብስክሌት ሳይታጠብ ከተመዘነ ቁጥሩ ብስክሌቱን ብቻ ሳይሆን ዋልካውንም ይጨምራል። ጥቁሩ የዋልካ አፈር በጎማው ጥርስ መካከልና ከሞተሩ ሥር ተለጥፎ ሲደርቅ ኪሎዎች መሙላቱ አዲስ ነገር አይደለም።

ሚዛንን በተመለከተ አንድ ነገር ላሳስብ። ለኩንታል የተሠራ ሚዛን በብስክሌት ጉዳይ ላይ ለመወሰን አይበቃም፤ ግማሽ ኪሎ ቢስት ለጤፍ ነጋዴ ምንም አይደለም፣ ለእኛ ግን የክርክሩ ሁሉ መነሻ ነው። ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘውን የሻንጣ ማንጠልጠያ ሚዛን ወስደው በኮርቻው አፍንጫ ላይ መንጠቆውን አስገብተው ታጥቦ የደረቀውን ብስክሌት ያንጠልጥሉት፤ ከመመዘንዎ በፊትም ሚዛኑን ክብደቱ ታትሞ በተሸጠ የአምስት ኪሎ የዱቄት ከረጢት ይፈትኑት። ቀጥሎ የፊቱን ጎማ ብቻ በጠፍጣፋ ሚዛን ላይ፣ የኋላውን በእኩል ከፍታ ባለ ጡብ ላይ አድርገው የፊቱን ይመዝኑ፤ ከዚያ አገላብጠው የኋላውን። ሁለቱ ሲደመሩ ከተንጠለጠለው ጋር መግጠም አለባቸው። የፊትና የኋላ ክፍፍሉን ማወቅ በተለይ ተጨማሪ ባትሪና ቦርሳ ሲጫን ይጠቅማል፤ የፊቱ ሲቀል ቁመቱ በበዛ ዳገት ላይ ጎማው እየተነሣ መሪው ይባዝናል። ለውጥ የሚያደርጉበትን ዕቃ ሁሉ አሮጌውንና አዲሱን በወጥ ቤት ሚዛን በግራም መዝነው ይጻፉት፤ ሳጥኑ ላይ በታተመው አይመኑ።

አሁን ዕቃዎቹን ላንሣ፤ ከጎማው ልጀምር፣ በዝርዝርዎ ውስጥ ያሳሰበኝ እርሱ ነውና። የሰሜን ሸዋ ደጋ መንገድ ጥቁር ባዝልት ድንጋይ ነው። ሲፈለጥ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሆናል፤ አዲስ ጠጠር በፈሰሰበት መንገድ ላይ ቀላል ጎማ ግድግዳው ሲቀደድ ማንም ጎሚስታ አይጠግነውም። በዚያ ላይ የቀጋውና የአጋሙ እሾህ አለ፤ ወደ አልዩ አምባና ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ደግሞ የግራሩ። ስለዚህ ቀለል ያለውን ሳይሆን በተለይ ለኋላው ግድግዳው የተጠናከረውን ጎማ ያስመጡ፤ በእያንዳንዱ ከ150 እስከ 250 ግራም ቢጨምር አይቆጩ። ካላማዳሪያዎቹን አውጥተው ጎማውን ቲዩብለስ ያድርጉት። ሁለቱ ካላማዳሪያ ሲወጣ ግማሽ ኪሎ ይቀንሳል፣ በየጎማው 100 ሚሊ ሊትር ገደማ የማሸጊያ ፈሳሽ ሲገባ 200 ግራም ይመለሳል፤ የተረፈው 300 ግራም ጎማው የጨመረውን ክብደት አብዛኛውን ያካክሰዋል። በአንድ ለውጥ ክብደቱ ብዙም ሳይንቀሳቀስ ብስክሌቱ እሾህን የሚንቅ ይሆናል። ጎማውን በቸርኬው ላይ ለማስያዝ በአንድ ጊዜ ብዙ አየር ስለሚያስፈልግ የእጅ መንፊያ አይበቃም፤ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ግን ይሠራዋል። ፈሳሹ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደርቃልና አንድ ጠርሙስ ትርፍ ይኑርዎ፤ አንድ ካላማዳሪያም ሁልጊዜ በቦርሳዎ አይጥፋ።

ሰው የማያስበው አንድ ነገር በዚህ ላይ ልጨምር። ጎማዎን በጣርማበር ብርድ ለክተው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ በታች ያለው የአየር ግፊት ስለሚበልጥ መለኪያው 2.5 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ቀንሶ ያሳይዎታል፤ የቆላው ሙቀት ከዚያው ላይ ከፊሉን ይመልሰዋል። ጎማውን በ22 ፒኤስአይ ለሚነዳ ሰው ይህ የሚሰማ ለውጥ ነው። ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ሁለት ፒኤስአይ ጨምረው ይውረዱ።

የካርቦን ቸርኬውን እርግፍ አድርገው ይተዉት። የሚቀንሰው 300 ወይም 400 ግራም ነው። በተሽከርካሪ አካል ላይ ያለ ክብደት ሲነሡ ወይም ሲያፈጥኑ ከሌላው ክብደት ይልቅ ይሰማል፣ ይህ እውነት ነው፤ ቋሚ ፍጥነት ይዘው ዳገት ሲወጡ ግን አንድ ኪሎ የትም ቢሆን አንድ ኪሎ ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬ በድንጋይ ቢጎብጥ ከተማዎ ውስጥ ያለ ጥሩ ሳይክል ሠሪ አቃንቶት፣ ራጂውን አጥብቆ ይመልስልዎታል። የካርቦኑ ሲሰነጠቅ ግን ወንድምዎ እስኪመጣ ብስክሌቱ ይቆማል።

ካሴቱን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው። ኤንኤክስ የሚባለው የስራም ኩባንያ ባለ 12 ማርሽ ካሴት ከተገጠመልዎ ወደ ጂኤክስ ቢያሳድጉት 160 ግራም ያህል ይቀንሳል፤ ነገር ግን መግጠሚያው ስለሚለይ የኋላውን ሞዞ መያዣም ኤክስዲ ወደሚባለው መቀየር ያስፈልጋል። አሮጌው ጥርሱ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ገንዘቡን በሁለት ትርፍ ካቴናና በካቴና መለኪያ ላይ ያውሉት፤ የሞተር ጉልበት የሚጨመርበት ካቴና ቶሎ ይረዝማል፣ የረዘመ ካቴና ደግሞ ካሴቱን ይበላል። 0.5 ከመቶ ሲረዝም ከለወጡት ካሴቱ ብዙ ዕድሜ ያገኛል። የፊቱ ጥርስ 32 ከሆነ ግን በ30 መለወጥ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ዳገት ላይም እግርዎ ፈጠን ብሎ እንዲዞር ያደርጋል። እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ዙር ሲዞሩ ጉልበታቸውን በደንብ ይሰጣሉ፤ ከ50 በታች ሲጫኑ ኃይሉ ወደ ሙቀት ይሄዳል።

አሁን ሊያመጡት ሲገባ ያልጠቀሱት ዋና ጉዳይ አለ፤ ፍሬን ነው። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት 95 ኪሎ ይዘው ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት ከ450 ዋት ሰዓት ይበልጣል፤ ይህ ከሙሉ ባትሪዎ ይልቃል። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፣ የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ በሁለት የብረት ዲስክና በአራት ትንንሽ ሸራ ላይ ይወርዳል። መንገዱ የአይሱዙና የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ ጭጋጉ ሲወርድ አሥር ሜትር የማይታይበት ጊዜ አለ። ሸራው ተቃጥሎ የፍሬኑ መጨበጫ እስከ መሪው ድረስ ሲሄድ ስለ ግራም የሚያስብ ሰው የለም። ስለዚህ የኋላው ዲስክ 180 ሚሊ ሜትር ከሆነና ፍሬሙ የሚፈቅድ ከሆነ በ200 ይለውጡት፤ ከነማስተካከያው ጥቂት አሥር ግራም ብቻ ይጨምራል። ሸራውንም ሙቀት በሚችለው በብረታማው ዓይነት ይተኩት፤ ይህ ዓይነት በዝናብም ዕድሜው ይረዝማል፣ ሲበርድ ግን ትንሽ ይጮኻል። አዲስ ሸራ እንደ ተገጠመ ቁልቁለት አይውረዱበት፤ በሜዳ ላይ ደጋግመው እየፈጠኑና እያቀዘቀዙ ከዲስኩ ጋር ያስማሙት። ሲወርዱ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ይዞ ከመሄድ ይልቅ ጠንከር አድርጎ መያዝና መልቀቅ፣ ደብረ ሲና ላይም ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ ይሻላል።

የፍሬን ዘይቱ ነገር ከዚሁ ጋር ይታይ። በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ብዙዎቹ የስራም ፍሬኖች የሚሠሩት በዶት 4 ወይም 5.1 ነው፤ ዶት 4 በደብረ ብርሃን በማንኛውም የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። የሺማኖ ፍሬን ግን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው። አንዱን በሌላው ቦታ መጨመር ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ፍሬኑን ያጠፋል። ዶት ውኃ ስለሚስብ በየዓመቱ ቢለወጥ መልካም ነው፤ ውኃ የገባበት ዘይት ደግሞ በረጅም ቁልቁለት ይፈላል።

በመጨረሻም፣ ብስክሌቱ አሁንም ለወንድምዎ ክብደት የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። የፊትና የኋላ አሞርዛተሩ የአየር ስለሆነ፣ ቦርሳዎን አዝለው ሲቀመጡበት ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ከ25 እስከ 30 ከመቶው እንዲሰምጥ ግፊቱን ይለኩ። ለዚህ የጎሚስታው መንፊያ አይሆንም፤ ለአሞርዛተር የተሠራ እስከ 300 ፒኤስአይ የሚደርስ ትንሽ የእጅ መንፊያ አለ። ከዝርዝርዎ ላይ የካርቦኑን ሰርዘው ይህን፣ ጠንካራውን ጎማ፣ ሸራውንና ዲስኩን፣ ካቴናውን፣ ባለ 30 ጥርሱን፣ ከተፈቀደ ደግሞ ተጨማሪ ባትሪውን ይጻፉ። ብስክሌቱ 19 ኪሎ እንደሆነ ሊቀር፣ ምናልባትም ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ የሚያስፈልግዎትም ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። በሥራዬ ምክንያት ወደ ገጠር ቀበሌዎች፣ ወደ ጓሳም አቅጣጫ እመላለሳለሁ፤ የምይዘው ዕቃ ከ10 ኪሎ አያንስም። ክብደቴ 84 ኪሎ ነው። ለሽያጭ የቀረቡልኝ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ናቸው፤ አንዱ 50 ኒውተን ሜትር ሞተርና 360 ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው፣ 18 ኪሎ የሚመዝን ነው፤ ሁለተኛው ቦሽ ሲኤክስ የሚባለው 85 ኒውተን ሜትር ሞተርና 625 ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው፣ 24 ኪሎ የሚመዝን ነው። ሰው ሁሉ ቀላሉን ግዛ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

— አንባቢ ከመንዝ

መልስ፦ ለእርስዎ ከባዱን እመርጣለሁ። ከብስክሌቱ ጋር የሚያንቀሳቅሱት በአንደኛው 112፣ በሁለተኛው 118 ኪሎ ነው፤ ልዩነቱ ከጠቅላላው 5 ከመቶ ያህል ብቻ ሲሆን ባትሪው ግን በ74 ከመቶ ገደማ ይበልጣል። ቀላሉ ብስክሌት የተሠራው ባዶ እጁን ለሚነዳ፣ በእግሩ መሥራትን ለሚወድ ሰው ነው። እርስዎ ደግሞ ሥራ ቦታ ደርሰው መሥራት አለብዎት።

ጓሳ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የሚተነፍሱት አየር የኦክስጅን ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል፤ አገሬው ቢለምደውም እግር ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ እንደ ሞተር ሳይክል በከፍታ ምክንያት ጉልበቱ አይቀንስም። የመንዝ መንገድ የሚጠይቀው ጉልበት ከሞተሩ ቢመጣ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛው ባትሪው በቁልፍ ተፈትቶ ለብቻው ቤት ገብቶ ይሞላ እንደሆነ ነው፤ በአንዳንድ ቀላል ብስክሌቶች ባትሪው በፍሬሙ ውስጥ ስለሚቀር ብስክሌቱን በሙሉ ከሶኬት አጠገብ ማቆም ግዴታ ይሆናል። ሁለተኛው የኋላ ዕቃ መጫኛ የሚታሰርበት የቡሎን ቀዳዳ መኖሩ ነው፤ ብዙ የተራራ ብስክሌቶች የላቸውም፣ 10 ኪሎ ደግሞ በጀርባ ይዞ መንዳት ወገብ ይጎዳል። አንድ ጊዜ ደግሞ ሞተሩን አጥፍተው 24 ኪሎውን እየገፉ ትንሽ ዳገት ይውጡበት። ባትሪው መንገድ ላይ ቢያልቅ የሚጠብቅዎት እርሱ ስለሆነ ዐውቀውት ይግዙ።

በጓሳ ክልል ውስጥ ከመኪናው መንገድ እንዳይወጡ አደራ እላለሁ። ሣሩን የመንዝ ሕዝብ በራሱ ሥርዓት ትውልድ ለትውልድ እየጠበቀ ያቆየው ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩትም በእርሱ ነው። የጎማ መስመር በእርጥብ ሣር ላይ የውኃ መውረጃ ቦይ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ልጄ የኤሌክትሪክ ብስክሌቱን ሌሊት ከቤት ውጭ ባለው መጋዘን ውስጥ ቻርጅ እያደረገ ያሳድራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ባትሪው ቶሎ እያለቀ ነው ይላል። ተበላሽቶ ይሆን? መጋዘኑ ውስጥ የከብት ድርቆሽም ስላለ ሥጋት አድሮብኛል።

— እናት ከደብረ ብርሃን ዙሪያ

መልስ፦ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ባትሪው ግን ላይበላሽ ይችላል፤ የሊቲየም ባትሪ ሲበርደው የሚሰጠው ኃይል ለጊዜው ይቀንሳል፣ ሲሞቅ ይመለሳል። የሚያበላሸው ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ ማድረግ ነው። በእናንተ አካባቢ በእነዚያ ወራት ሌሊቱን ውርጭ ስለሚጥል፣ ክፍት መጋዘን ውስጥ ያደረ ባትሪ ሊነጋጋ ሲል እዚያ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ልጅዎ ከመንገድ ሲመለስ ባትሪውን ወይም ብስክሌቱን ቤት አስገብቶ አንድ ሁለት ሰዓት ካቆየ በኋላ፣ ሰው ሳይተኛ፣ በምሽት ቻርጅ ያድርገው፤ ሲሞላም ይንቀለው። ለረጅም ጊዜ የማይነዳው ከሆነ ሞልቶ ሳይሆን ግማሽ ያህል አድርጎ ያስቀምጠው።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩ ወዲያው ከሶኬት ይነቀል፤ መብራቱ ሲመለስ የቮልቴጁ መዋዠቅ እስኪረጋጋ ጥቂት ይጠበቅ። ቻርጀሩ ከብስክሌቱ ጋር የመጣው መሆን አለበት፤ መሰኪያው ስለ ገጠመ ብቻ የሌላ ብስክሌት ቻርጀር አይሰካ። ድርቆሹን በተመለከተ ግን ዛሬውኑ ይለያዩአቸው። ባትሪ በድርቆሽ፣ በጭድ ወይም በኩበት አጠገብ፣ እንዲሁም በቤቱ መውጫ በር ላይ አይሞላ፤ በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ ወለል ላይ፣ ዙሪያው ባዶ በሆነ ቦታ ይሁን። የወደቀ፣ ያበጠ ወይም ውኃ የገባበት ባትሪ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይሰካ፤ ከቤት ውጭ ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው አስቀምጠው ባለሙያ ያሳዩት።